ላም ሰዓቷን ታውቃለች፦ የቦተን መንደር የጉዳይ ጥናት

ላም እሑድ አታውቅም፣ በዓልም አታውቅም። ጡቷ ሲሞላ መጥታ በሩ ላይ ትቆማለች። የሚያልባት ሰው ከዘገየ ትጮኻለች። ቀኑን ሙሉ ካልመጣ ደግሞ ጡቷ ያብጣል፣ ትታመማለች። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰው ከአልጋው መነሣት አለበት። ዝናብ ይሁን በረዶ፣ ደስ ይበለው አይበለው፣ ላሟ ትጠብቀዋለች።

ስለ ቦተን መንደር ሳስብ ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው። ቦተን በሰሜን እንግሊዝ፣ ኖርዝ ዮርክ ሙርስ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ዳንቢ ዴል የሚባል ጠባብ ሸለቆ አለ፤ መንደሩ ከሸለቆው ራስጌ ላይ ይገኛል። ዙሪያው ቁጥቋጦ የለበሰ፣ ነፋስ የማያጣው ደጋ ነው። ከ1955 ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች ከሌሎች ሰዎች ጋር በአንድ ቤት እየኖሩ፣ በአንድ ማዕድ እየበሉ፣ አብረው ሲያርሱና ሲያልቡ ኖረዋል። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። እንግሊዞች ለእነዚህ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቃል በቀጥታ ሲሰማ የመማር ችግር ማለት ይመስላል። ማንበብና መጻፍ ብቻ የሚከብደውን ሰው ግን አይመለከትም። የሚናገሩት እኛ የአእምሮ እድገት ውስንነት ስለምንለው ነው። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ገንዘብ መቁጠር፣ አውቶቡስ መቀየር፣ ቀጠሮ ማስታወስ የሚያስቸግራቸው፣ ዕድሜ ልክ የሰው እገዛ የሚያስፈልጋቸው ናቸው።

የቦተን ነገር የሚጀምረው ከስደት ነው። ካርል ኮኒግ በ1902 ቪየና ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ የሕፃናት ሐኪም ነበር። በ1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያ ሲገባ አገሩን ጥሎ ወጣ። ቪየና ሳለ በዙሪያው የተሰበሰቡ ወጣቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ አይሁድ ናቸው፣ ከመካከላቸውም የሕክምና ተማሪዎች አሉ። ሁሉም ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። በ1939 ከፊሎቹ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከአበርዲን ከተማ ራቅ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቤት እንደገና ተገናኙ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ተቀብለው ማስተማር ጀመሩ። ስደተኞች ናቸው፤ ገንዘብ የላቸውም፣ ቋንቋውም ገና አልገባቸውም። የተቀበሏቸው ልጆች ደግሞ ብዙ ቦታ በሩ የተዘጋባቸው ናቸው።

በ1940 የጸደይ ወራት ጦርነቱ ሲጠና የእንግሊዝ መንግሥት ከጀርመንና ከኦስትሪያ የመጡትን ወንዶች የጠላት አገር ሰዎች ናቸው ብሎ አሰራቸው። ከናዚ የሸሹ አይሁድም አልቀረላቸውም። ኮኒግና ጓደኞቹ ተወሰዱ። ልጆቹን ይዘው የቀሩት ሴቶቹ ናቸው። ሰኔ 1 ቀን 1940 ካምፕሂል ወደሚባለው ሰፊ ቤት ዕቃቸውን ጭነው የገቡትም እነሱ ብቻ ናቸው። ከዚህ ሥራ የተወለደው ንቅናቄ ካምፕሂል የተባለው በዚያ ቤት ስም ነው። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲነገር የኮኒግ ስም ብቻ ይጠራል። ያን ቀን ግን ጓዙን የተሸከሙት፣ ምድጃውን ያነደዱት፣ ልጆቹን ያስተኙት ሴቶቹ ስለነበሩ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም።

በዚያው ዓመት፣ ኮኒግ ጥሎት በወጣው ከተማ፣ በቪየና፣ ሽፒገልግሩንድ በሚባል የሕፃናት ተቋም እንዲህ ያሉ ልጆች መገደል ጀምረው ነበር። እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ድረስ ወደ 800 የሚጠጉ ልጆች እዚያ ሞቱ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ከ1940 መግቢያ እስከ 1941 ነሐሴ ባለው ጊዜ ብቻ 70,000 ገደማ አካል ጉዳተኞችና የአእምሮ ሕሙማን በጋዝ ተገደሉ። ኖረው ለማንም አይጠቅሙም ተብሎ። የካምፕሂል ሰዎች ሥራን ያን ያህል ከፍ አድርገው ለምን እንዳዩት የገባኝ ይህን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው። ለእነሱ የአንድ ልጅ እጅ ዳቦ ማቡካት መቻሉ ትልቅ መልስ ነበር።

ከዚያ ልጆቹ አደጉ። ወላጆች መጠየቅ ጀመሩ፦ ትምህርቱ አለቀ፣ አሁንስ ልጄ የት ይሂድ? በጊዜው እንግሊዝ ውስጥ የነበረው አማራጭ ቤት መቀመጥ ወይም ትልቅ ሆስፒታል መግባት ነው። እነዚያ ሆስፒታሎች በአንድ አዳራሽ ውስጥ አልጋ ከአልጋ ጋር የተደረደረባቸው፣ ሰው ገብቶ እስኪሞት የማይወጣባቸው ነበሩ። በ1954 ካምፕሂል ቪሌጅ ትረስት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት በመጽሐፍ አሳታሚነት የሚታወቀው የማክሚላን ቤተሰብ የቦተንን ርስት ሰጠ። ከዚህ ቤተሰብ አንድ ልጅ የካምፕሂል ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ ስለዚህ የወላጆቹ ጥያቄ የራሳቸውም ጥያቄ ነው። መንደሩን በማቋቋም ግንባር ቀደም የነበረው ከቪየናዎቹ ወጣቶች አንዱ፣ ካህን የሆነው ፒተር ሮት ነው።

አሁን ወደ ቀድሞው የመንደሩ ኑሮ ልግባ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ቦተን ከ200 ሄክታር በላይ መሬት አለው። መሬቱ በአምስት እርሻዎች ተከፍሎ ኖሯል። በደመቀበት ዘመን በአጠቃላይ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ይኖርበት ነበር። እገዛ የሚያስፈልጋቸው ነዋሪዎች "መንደርተኛ" ይባላሉ። አብረዋቸው የሚኖሩት ደግሞ "አብሮ ሠራተኛ" ይባላሉ። ታካሚ የሚባል ሰው የለም፤ ነጭ ካፖርትም የለም። በአንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር አሉ፣ ብዙ መንደርተኞች አሉ፣ ለአንድ ዓመት የመጡ ወጣት በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ጀርመኖች ነበሩ፤ በወታደርነት ፈንታ በማኅበራዊ አገልግሎት ግዴታቸውን የሚወጡ። ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ።

ጠዋት ሁሉም ወደየሥራው ይወጣል። አንዱ ወደ ላሞቹ፣ አንዱ ወደ አትክልቱ፣ አንዱ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ ሌላዋ ወደ ሻማ ወይም ወደ አሻንጉሊት ሥራው። የሚሠሩት ለመለማመድ ወይም ጊዜ ለማሳለፍ አይደለም። ዳቦው ምሳ ላይ ይበላል። ወተቱ ይጠጣል፣ የተረፈው ቺዝ ይሆናል። ዳቦ ቤት የሚሠራው ሰው ጠዋት ካልመጣ በየቤቱ ይታወቃል።

ቺዙን ቀረብ ብለን እንየው። መንደሩ ውስጥ ዴል ኤንድ የሚባል ቸዳር፣ ማለትም ጠንካራ የእንግሊዝ ቺዝ፣ ይሠራል፤ ካልፈላ ወተት። ወተቱ ለብ ይላል፣ የሚያረጋው ነገር ይገባበታል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠበቃል። ሲረጋ በቢላዋ ይቆራረጣል። አጓቱ ይወርዳል። የቀረው ጠጠር ያለ እርጎ በጠፍጣፋ ተቆርጦ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል፤ በየጊዜው ይገለበጣል፣ እንደገና ይደረደራል። ቸዳርን ቸዳር የሚያደርገው ይህ መገልበጥ ነው። ከዚያ ይፈጫል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ ቅርጽ ውስጥ ገብቶ ይጫናል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል። መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ለወራት ሲበስልም ተቆጥሮ ይገለበጣል፣ ይጠረጋል።

ይህን ሥራ እንደ ሥራ አከፋፋይ አስቡት። ሙቀት መለካት የሚችል ሰው አለ። መለካት የማይችል፣ ግን እርጎውን ሳይሰብር በጥንቃቄ የሚገለብጥ አለ። መደርደሪያውን በየቀኑ በዚያው ቅደም ተከተል መጥረግ የሚወድ፣ አንዱን እንኳ ቢዘልሉበት የሚቆጣ አለ። ሌላ ቦታ "ድርቅ ያለ ጠባይ" የሚባለው እዚህ ሙያ ይሆናል። የእርሻ ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው። ለሁሉም ዓይነት እጅ የሚሆን ሥራ ያወጣል፤ ሥራውም ሁሉ የሚታይ ነው። ላሟ ታልባለች ወይ አልታለበችም። ማንም ሰው "ጎበዝ፣ ጥሩ ሠርተሃል" ብሎ ማባበል አያስፈልገውም።

እርሻው ባዮዳይናሚክ በሚባለው ዘዴ ነው የሚሠራው፤ መሠረቱ የካምፕሂል ሰዎች የሚከተሉት የኦስትሪያዊው ፈላስፋ የሩዶልፍ ሽታይነር ትምህርት ነው። የኬሚካል ማዳበሪያ የለም። የላሞቹ ቀንድ አይቆረጥም። የላም ፋንድያ ቀንድ ውስጥ ተሞልቶ የብርዱን ወራት መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ከዚያ ወጥቶ ጥቂቱ በውኃ ይበጠበጥና ማሳው ላይ ይረጫል። መበጥበጡ አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ውኃው መሐሉ ሲጎደጉድ በተቃራኒው ይመለሳል። ይህ ውኃ ለአፈሩ የተለየ ኃይል ይሰጣል የሚለውን እኔ አላምንበትም። ነገር ግን በአንድ በርሜል ዙሪያ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ እያዞሩ አንድ ሰዓት አብረው መቆማቸውን አከብራለሁ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። ንግግር የማይሆንለት ሰው እዚያ ሳይናገር ከሰው ጋር ይሆናል።

የዘር ክፍልም ነበር። ስቶርሚ ሆል በተባለው እርሻ የአትክልት ዘር ይመረት ነበር። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቃል፣ በወንፊት ይነፋል፣ በትንንሽ ፓኬት ይታሸጋል፣ ለአትክልተኞች ይሸጥ ነበር። ወንፊት የያዘ እጅ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ገንዘቡስ? ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው፤ ስለዚህ መረዳት ያስፈልጋል። ሽታይነር አንድ የኑሮ ሕግ ብሎ ያስቀመጠው ሐሳብ ነበር፦ ሰዎች የሥራቸውን ዋጋ ለየራሳቸው ባልጠየቁ ቁጥር ማኅበሩ የበለጠ ይጠግባል የሚል። በዚህ መሠረት አብሮ ሠራተኞቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም ነበር። ቤት፣ ምግብ፣ የልጆች ወጪ፣ አልፎ አልፎ ለዕረፍት የሚሆን ገንዘብ ከጋራ ሣጥን ይወጣል። ሰዓት የሚቆጠርበት ፈረቃ የለም። ማታ ላይ የታመመ ሰው ካለ የሚነሣው በዚያው ቤት የሚተኛው ነው። መንግሥት በበኩሉ ለየመንደርተኛው እንክብካቤ በአካባቢ አስተዳደር በኩል ለድርጅቱ ይከፍላል።

ለአሥርተ ዓመታት ይህ ሁሉ ሄደ። በዚያው ጊዜ ውጪው ተለወጠ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካርዲፍ በሚገኘው ኢሊ ሆስፒታል ታማሚዎች ሲበደሉ መኖራቸው ተጋለጠ። በ1971 መንግሥት ትልልቆቹን ሆስፒታሎች ቀስ በቀስ ለመዝጋት ዕቅድ አወጣ። በ2001 የወጣው የመንግሥት ፖሊሲ ደግሞ አራት ነገሮችን አስቀመጠ፦ መብት፣ ራስን መቻል፣ ምርጫ፣ ከኅብረተሰብ ጋር መቀላቀል። አንድ ሰው የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ የቤት ኪራይ ውል ይኑረው ተባለ። ገጠር ውስጥ ለብቻ የተሰበሰበ መንደር በዚህ መነጽር ሲታይ ጥያቄ ያስነሣል። ከከተማ የራቀ ነው፤ ሥራውም ቤቱም ጓደኛውም በአንድ ድርጅት እጅ ናቸው። ሰው ቅሬታ ቢኖረው ለማን ይናገራል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦተንን የሚወዱ ሰዎችም ሊሸሹት አይገባም። በ2011 ብሪስቶል አጠገብ ባለው ዊንተርበርን ቪው በተባለ የግል ሆስፒታል ውስጥ ሠራተኞች ነዋሪዎችን ሲደበድቡ በቢቢሲ የተደበቀ ካሜራ ታየ። በሚቀጥለው ዓመት 11 ሰዎች ተፈረደባቸው። ከዚያ ወዲህ መንግሥትና ተቆጣጣሪዎች መልካም ፈቃድ ብቻ ይበቃል ብለው ማመን አልቻሉም። መዝገብ፣ ሥልጠና፣ ተጠያቂ የሆነ የሥራ ኃላፊ ይፈልጋሉ። "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" የሚል መልስ አይቀበሉም። ቤተሰብ ውስጥም በደል እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ መሐል ካምፕሂል ቪሌጅ ትረስት የአብሮ ሠራተኞቹ አኗኗር ከግብር ሕግ ጋር አይሄድም የሚል ውሳኔ ላይ ደረሰ። የግብር ባለሥልጣኑን አቋምና የእንክብካቤ ደንቦችን ጠቀሰ። አብሮ ሠራተኞቹ ወይ ደመወዝተኛ ይሁኑ ወይ ይህን ኑሮ ይተዉ ነው ነገሩ። ሠራተኛ የሆነ ሰው ደግሞ በፈረቃ ይመጣል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ጠቡ ስለ ደመወዝ ብቻ አልነበረም። አብሮ መኖሩ ራሱ ይፍረስ አይፍረስ የሚል ጠብ ነው።

መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ከድርጅቱ ጎን የቆሙ ነበሩ፤ ቁጥጥርና ግልጽ ኃላፊነት ያስፈልጋል፣ ጊዜው ተቀይሯል የሚሉ። ከአብሮ ሠራተኞቹ ጎን የቆሙ ወላጆች፣ ነዋሪዎችና ጎረቤቶችም ነበሩ። አክሽን ፎር ቦተን የሚባል ዘመቻ ተጀመረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከክርክሮቹ አንዱ ዛሬም ይከነክነኛል፦ ነዋሪዎቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ሲወሰን በቅጡ አልተጠየቁም የሚለው ነው። ምርጫ የሚል ፖሊሲ ባለበት አገር፣ አንድ ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት አብሮ የበላው ቤተሰብ ሲነሣበት ምርጫው የት ገባ?

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልናገር። ድርጅቱ ስለ ቁጥጥር ያነሣው ነገር ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። አብሮ ሠራተኞቹ ደግሞ ስለ አብሮ መኖር ያሉት ትክክል ነበር። ጥፋቱ ያለው ሁለቱ እንዲገናኙ የሚያደርግ ወረቀት ከ50 ዓመት በላይ ሳይጻፍ መቅረቱ ላይ ነው። አብሮ ሠራተኞቹ ውል አልነበራቸውም። መንደርተኞቹም ከእነማን ጋር እኖራለሁ የሚለውን የሚያስከብር ሰነድ አልነበራቸውም። ርስቱ የድርጅቱ ነው፣ ሰዎቹ ያሉት በመተማመን ነው። መተማመን ሲሰነጠቅ የሚያዝ ነገር አልነበረም። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ስደተኞች ሆነው ምንም ሳይኖራቸው የጀመሩት ነገር ነው፤ ወረቀት የሚያስብ ሰው ያኔ አልነበረም። በ1990ዎቹ ግን ማሰብ ይቻል ነበር።

መውጫው የተገኘው በድርድር ነው፤ ያገኙት መንገድ ደግሞ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ሼርድ ላይቭስ የሚባል አሠራር አለ። እገዛ የሚያስፈልገው ሰው በአንድ ቤተሰብ ቤት ገብቶ እንደ ቤተሰብ ይኖራል። ቤተሰቡ ተመርምሮና ሠልጥኖ ፈቃድ ያገኛል፣ ክፍያ ያገኛል፣ የሚቆጣጠረው ድርጅትም አለ። ግብሩም የራሱ ደንብ አለው። በቦተን የነበሩ አብሮ ሠራተኞች በዚህ መንገድ፣ አቫሎን በተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ሥር ሆነው፣ ከመንደርተኞቹ ጋር አብረው መኖራቸውን መቀጠል ቻሉ። ኤስክ ቫሊ ካምፕሂል ኮሚኒቲ የሚል ማኅበርም መሠረቱ። ካምፕሂል ቪሌጅ ትረስት በበኩሉ በዚያው መንደር በደመወዝተኛ ሠራተኞች እገዛ መስጠቱን ቀጠለ።

ሼርድ ላይቭስን ሳነብ የአገር ቤት ኑሮ ነው ትዝ ያለኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው በአብዛኛው የሚኖረው ከቤተሰብ ጋር ነው፤ ከእናት፣ እናት ስትደክም ከእህት። ልዩነቱ እኛ ዘንድ እህትየዋን ማንም አይከፍላትም፣ ማንም አያሠለጥናትም፣ አንድ ቀን ረፍት ውሰጂ የሚላትም የለም። ክፍያው ፍቅሩን ያቀዘቅዘዋል ብሎ የሚፈራ ሰው አለ። ቦተን ውስጥ ግን አብሮ የመኖር ነገር የተረፈው ክፍያውም ቁጥጥሩም በመግባቱ ነው።

የተጎዳው ነገር ሁሉ አልዳነም። ቤተሰቦች ለቅቀው ወጥተዋል። የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው የሌለ መንደርተኞች አሉ። ጀርመን በ2011 የግዴታ ውትድርናን ስታቆም፣ በኋላም እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ፣ ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ማምጣት ከባድ ሆኗል። እንግዳ ሰው ዳንቢ ዴልን ሽቅብ ቢሄድ ሁለቱን አሠራር ለይቶ አያውቅም። መንገዱ አንድ ነው፤ ቤቶቹም ጎረቤት ናቸው። አንዱ ቤት ተንከባካቢዋ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፈረቃዋን ለሌላ ታስረክባለች። ሌላው ቤት ውስጥ ቀን የነበረችው ሴትዮ ማታም እዚያው ናት፤ የቤቱን ወረቀት ሞልታ፣ ራቱን አቅርባ፣ ጠዋት ወደ ላሞቹ የሚወጣው ሰው ቦቲው ደርቆለት እንደሆነ ምድጃው ሥር ጎንበስ ብላ ታያለች።